ዙለይሃ አጎበሩን አላወርድም አለች

ዝናው አጎበሮቹን ያወረደው ዙለይሃ አክስቷን ልትቀብር አምባሰል በሄደችባቸው ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ከቀብር ተመልሳ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳን ሳታራግፍ የመጀመሪያውን ክፍል ስትከፍት አልጋው ራቁቱን ቆሟል። ቀጣዩን ከፈተች፤ እንደዚያው። አሥራ አራቱንም ክፍሎች ዞረች። በየጣሪያው ላይ የቀረው መንጠቆው ብቻ ነበር። አጎበሮቹን ያገኘቻቸው ከጓሮው ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር ተጠቅልለው በሲባጎ ታስረው ነው። አንዱን ጎትታ አየችው። አይጥ ጀምሮታል።

ደንገል ማረፊያ ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከውሃው ዳር ያለ የእንግዳ ቤት ነው። ዙለይሃ እዚያ አልጋ ማንጠፍ ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። ስትገባ ቤቱ ስድስት ክፍል ብቻ ነበረው፤ የቤቱም ባለቤት የዝናው እናት ወይዘሮ የሺሀረግ ነበሩ። ዝናውን ያኔ ከትምህርት ቤት የምትቀበለው፣ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ የምታጥበው እሷ ነበረች። እናቱ አርፈው ቤቱ በእጁ ከገባ በኋላም እሱ «እትዬ» ማለቱን አልተወም፤ እሷም «አንተ» ማለቷን።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አገኘችው።

«ዝናው፣ አጎበሮቹን ማነው ያወረዳቸው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። አላህ ያጥናዎት፤ ቁጭ ይበሉ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ለምን?»

ዝናው ስልኩን አንስቶ አነበበላት። ከወር በፊት ያደረ አንድ እንግዳ የጻፈው ነው። ሐይቁ እንደሚያምር፣ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ እንደሚጣፍጥ ይልና «ነገር ግን አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሏል፤ ወባ ያለበት አገር መሆኑን ማን ነገረን?» ብሎ ይጨርሳል። ከሥሩ ሰው ሁሉ ተቀባብሎታል።

«ይሄ ከወጣ ወዲህ ሁለት ቡድን ሰርዞ ደሴ አድሯል» አለ። «መጀመሪያ ኮሮና ዘጋን። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ፍራሹ ሳይቀር ሲጫን እርስዎም አይተዋል። አሁን ገና ሰው ብቅ ማለት ሲጀምር፣ በገዛ እጄ ‹እዚህ ወባ አለ› ብዬ አልጋ ላይ ልስቀል?»

«አጎበሩን ስታወርደው ወባው አብሮ የወረደ መሰለህ?»

«ሐይቅ እኮ ወይና ደጋ ነው እትዬ!»

«ወይና ደጋ መሆኑን ቢንቢዋ አልሰማችም።»

ዝናው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱን ሰበሰበ። «እንግዳ ከጠየቀዎት የለም ይበሉ። በቃ፣ ይችን ብቻ ነው የምለምንዎት።»

«እኔ የተቀጠርኩት አልጋ ላነጥፍ ነው። ለመዋሸት ሌላ ሰው ቅጠር» አለችና ወጣች።

ሰው ሁሉ ዙለይሃን ግትር ይላታል። ግትርነቷ ግን እንዲሁ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ ከውጫሌ ወዲያ ባለ መንደር ሰዓድ የሚባል ባል ነበራት። መሬታቸው ጠባብ ስለነበረች፣ እንደ ብዙው የአምባሰል ጎልማሳ እሱም ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ። በጥቅምት ማለቂያ ተመለሰ። ደህና ነበር። አበባ ያለበት ሻሽ ይዞላት መጣ፤ ለሚወለደው ልጅ ስም ሲያወጣና ሲያፈርስ ሰነበተ። በአሥረኛው ቀን አጨዳ ላይ ሳለ ብርድ ብርድ አለው። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣው። በማግስቱ ላብ አጠመቀውና ተወው፤ ተነስቶ እህል ቀመሰ። «ይኸው ዳነ፣ አልሀምዱሊላህ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ብሶ ተመለሰበት። በአምስተኛው ቀን ዙለይሃን አተኩሮ አያትና «አንቺ ማነሽ?» አላት። ቃሬዛ ላይ አድርገው ወደ ውጫሌ ሲሮጡ መንገድ ላይ አረፈ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ቆላ ደርሶ ነበር?» ሲነግሩት ራሱን ያዘ። ትንኟ ከነደፈች በኋላ በሽታው ሳምንትና ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱም ወራት ሙሉ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ እንደሚቆይ፣ መንገደኛው አገሩ ገብቶ እፎይ ሲል እንደሚነሳበት ነገራቸው። በጊዜ ደሙ ቢታይለት ኖሮ መድኃኒቱ ነበረ። ዙለይሃን ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ሰው ከቦ ሲያስታምመው ያቺን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። ልጇን ራህመትን ያለ አባት ወለደች፤ አዝላት ሐይቅ ገባች፤ የሺሀረግ ቤት ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ያለበት ሰው ካገኘች፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ቆላ ደርሰህ ነበር?» ትላለች።

ከዝናው ጋር የሚያጋጫት ሌላው ነገር ኩሬው ነበር። ሰው ፎቶ እንዲነሳበት ብሎ ከክፍሎቹ ፊት ለፊት በሲሚንቶ ያሠራው ክብ ኩሬ፣ መሐሉ ላይ አንገቷ የረዘመ የሲሚንቶ ወፍ ቆማለች። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ሰኔ ላይ ተቃጠለ። ክረምቱ ኩሬውን ሞላው፤ መስከረም ፀሐዩን አወጣበት፤ ውሃው ጥርት ብሎ ተኛ። ዙለይሃ አንድ ቀን በጭልፋ ጨልፋ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችውና ለሳምሪ አሳየቻት። ሳምሪ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

«እነዚህን አዩአቸው?» አለች ሳምሪ ጎንበስ ብላ። «ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ከሚንጠለጠሉት አይደሉም። ከውሃው እኩል ተጋድመው የሚተኙት የወባዋ ትንኝ ልጆች ናቸው።»

ዙለይሃ ሳህኑን ይዛ ሄዳ ዝናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ትል?»

«እንግዶችህ ናቸው። በሳምንት ውስጥ ክንፍ አውጥተው ክፍል ይይዛሉ።»

«ፓምፑ ሲሠራ ይስተካከላል» አለ ዝናው፤ ሳህኑንም በጣቱ ገፋ አደረገው። ፓምፑ ግን አልተሠራም።

በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዎች መጡ። አስጎብኚያቸው ታረቀኝ የሚባል፣ ደንገል ማረፊያን ብዙ ጊዜ ሰው ያመጣበት ቀልጣፋ ሰው ነው። በሐይቁ ላይ በጀልባ ሊንሸራሸሩ፣ አድረው በማግስቱ በቢስቲማ አድርገው ወደ ጭፍራ ሊወርዱ፣ ከዚያም አፋር ምድር ላይ ሳላና ሰጎን፣ የዱር አህያም ካገኙ ሊያዩ ነበር። ቦርሳቸውን አስቀምጠው ወደ ጀልባው ሲወርዱ ዙለይሃ ከኋላ አየቻቸው። ስምንቱም እጅጌ ጉርድ ነው፤ ግማሾቹ ቁምጣ።

ዝናው ደሴ ዕቃ ሊገዛ ሄዷል። ዙለይሃ መሰላሉን ከጓሮ አወጣች። አይጥ የበላውን በመርፌና ክር ደፈነች፤ የቆሸሸውን ጥላ የተሻለውን መርጣ፣ ለተያዙት አራት ክፍሎች ሁሉ አጎበር ሰቀለች። ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ጠቀጠቀች። ይሄን ስትጨርስ መስኮቱ ላይ ቆማ ኩሬውን አየችው።

በባልዲ ጨልፋ እንደማትጨርሰው ታውቃለች። ከአትክልተኛው ዕቃ መሐል ዶማ አነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በቁልቁለቱ በኩል ያለውን የኩሬውን ጠርዝ መታችው። ሲሚንቶው ቀላል አልነበረም። ደግማ መታችው። ወጥ ሠሪዋ ኑርሀያት ከማድ ቤት እየሮጠች መጣች።

«ዙለይሃ! አበድሽ እንዴ? ያባርርሻል!»

«ያባርረኝ። ዘወር በይ፣ እንዳይረጭሽ።»

በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ምት ጠርዙ ተሰነጠቀ። ውሃው መጀመሪያ አነባ፣ ከዚያ ግንቡን ገንጥሎ ወጣና ቁልቁል ሣሩ ላይ ተበተነ። ዙለይሃ ዶማውን ተደግፋ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ውዱእ አድርጋ የአስርን ሶላት ሰገደች።

እንግዶቹ የተመለሱት መግሪብ አዛን ሲል ነው። በረንዳው ላይ እራት ሲጠብቁ ከመሐላቸው ባድሩ የሚባለው፣ ከሚስቱ ከሰሚሃ ጋር የመጣው ጎልማሳ ተጣራ።

«እናቴ፣ አልጋው ላይ ያለው አጎበር ለምንድን ነው? ወባ አለ እንዴ?»

«ለጌጥ ነው» አለ ታረቀኝ እየሳቀ። «ሐይቅ ላይ ምን ወባ አለ? ነፋሱን አታዩትም?»

«አለ» አለች ዙለይሃ።

ሳቁ ተቋረጠ። ሰሀኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጆቿን በነጠላዋ ጠረገች።

«ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ይበረታል። እዚህ ያለው ትንሽ ነው፤ ነገ የምትወርዱበት ግን የዋዛ አይደለም። ሂዱ፣ ሳላውን እዩ፣ ሰጎኑን እዩ፣ እሰየው! ግን ስንቶቻችሁ የወባ መከላከያ ክኒን ይዛችኋል?»

አንዲት ሴት ወደ ታረቀኝ ዞር ብላ «አያስፈልግም ብለኸን የለ?» አለችው።

«እኔ ስንት ዓመት የተመላለስኩበት አገር ነው» አለ ታረቀኝ። «አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። ሴትዮዋ ዝም ብለው ነው የሚያስፈራሩት።»

«እሰይ አላመመህ። ቢንቢዋ ግን ልምድህን አይታ አታልፍህም» አለችና ወደ ሌሎቹ ተመለሰች። «ክኒኑን ሐኪም ነው የሚያዘው፤ ሳይወርዱ ይጀመራል፣ ከተመለሱም በኋላ እስከታዘዘው ቀን ይዋጣል። ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጅጌ ሙሉ ልበሱ፤ ካልሲ አድርጉ። የሚያባርረውን ቅባት ባልተሸፈነው ገላችሁ ተቀቡ። ስትተኙ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቁት፤ ጫፉ ከተንጠለጠለ በር ከፍታችሁ እንደ መተኛት ነው። ቆላ ላይ በቀን የምትነድፍም አለች፣ ደንጊ የሚሉትን የምታመጣ፤ ፀሐይ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።»

በዚህ መሐል ዝናው ከደሴ ደረሰ። ጫማው ጭቃ ነክቷል፤ ፊቱ ቀልቷል።

«እትዬ ዙለይሃ! ኩሬዬን ማነው ያፈረሰው?»

«እኔ ነኝ። ቆይ፣ ልጨርስ።» ፊቷን ከእንግዶቹ ሳትመልስ ቀጠለች። «አዲስ አበባ ገብታችሁ በወሩም በሁለት ወሩም ትኩሳት ቢመጣ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ሐኪሙን ‹ቆላ ደርሼ ነበር› በሉት። ደማችሁ ይታይ። በግምት መድኃኒት አትዋጡ።» ከዚያ ወደ ዝናው ዞረች። «ጨረስኩ። አሁን ተናገር።»

ዝናው በእንግዶቹ ፊት ለመናገር አፈረ፤ ዝም ማለትም አልቻለም። «ነገ አይምጡ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከነገ ወዲያም።»

«እሺ። ቁልፉ ይኸው።» የክፍሎቹን ቁልፍ ከነዘለበቱ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አጎበሮቹን ግን ዛሬ ካወረድካቸው በየበሩ ቆሜ እጮሃለሁ። ታውቀኛለህ።»

ያውቃታል። አላወረዳቸውም።

ዕቃዋን ልትይዝ ወደ ጓዳ ስትገባ ሰሚሃ ተከተለቻት። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ዙለይሃ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻትና ገባት።

«ስንት ወር ሆነሽ?»

«ሦስት። ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም።»

«አብሽሪ ልጄ፣ ከእኔም አይወጣም። ግን ነገ ጠዋት መኪና ላይ ሳትወጪ ጤና ጣቢያ ገብተሽ ጠይቂ። ወባ እርጉዝ ላይ ትበረታለች፤ ለእናትም ለልጅም አትራራም። የኔን ቃል ብቻ አትያዢ፤ እነሱን ጠይቂ።»

በማግስቱ ሰሚሃና ባድሩ ጠየቁ። የጤና መኮንኑ እርጉዝ ሴት በዚህ ወቅት ወደዚያ ቆላ ለሽርሽር ባትወርድ እንደሚሻል ቁርጡን ነገራት። ባልና ሚስቱ ሐይቁ ዳር ሁለት ቀን ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የቀሩት ስድስቱ ከገበያ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ፣ ከፋርማሲ ቅባት ገዙ፤ ክኒኑንም ሐኪም ዘንድ ሄደው አሳዘዙ። ሊነሱ ሲሉ ደግሞ ሁለቱ ዝናውን አጎበር አውሰን አሉት። ዝናው ከዕቃ ቤት ሲያወጣላቸው የት እንደሚያይ ጠፍቶት ነበር፤ ኑርሀያት ናት ይሄን እየሳቀች ለዙለይሃ የነገረቻት። ታረቀኝ ብቻ እንደመጣው በጉርድ ሸሚዙ ወረደ።

ዙለይሃ ቤቷ ተቀምጣ አልቅሳ ይሆናል የሚል ካለ አያውቃትም። በሦስተኛው ቀን ከሳምሪ ጋር ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። አጎበሩን የዓሣ መረብ ያደረገውን ስትሰድብ፣ የችግኝ አጥር ያደረገውን ስታስፈታ ዋለች። ሳምሪ በትሕትና «እባካችሁ» የምትለውን ዙለይሃ «ነውር ነው!» ትለዋለች። ሁለቱም ዓይነት አስፈላጊ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በእኩለ ቀን፣ መናኸሪያው አጠገብ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አንድ ሰው ወፍራም ጃኬት ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ሲንቀጠቀጥ አየች። ቀረብ ስትል ታረቀኝ ነው። አዲስ ቡድን ሊቀበል መጥቶ መቆም አቅቶት ነበር። እጁ ላይ ግማሹ ያለቀ የክኒን ፓኬት ይዟል።

«ታይፎይድ ነው አሉኝ» አለ ሳትጠይቀው።

«ማነው ያለህ? ደምህን አይተው?»

ፓኬቱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«እትዬ ዙለይሃ፣ እባክዎ ይተውኝ። እርስዎ እንዲስቁብኝ አልፈልግም።»

«የሚስቅ ሰው ፈልገህ ከሆነ ሌላ ቀን እስቅልሃለሁ። ተነስ አልኩህ!» ባጃጅ አስቆመች፤ በብብቱ ይዛ ወደ ውስጥ ገፋችው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረፋ ነበር። «ቆላ ደርሶ የመጣ ነው፣ እየቃዠ ነው» ብላ ጮኸች። መቃዠቱ እንኳን ገና አልጀመረውም ነበር፤ ለዚች አንዲት ውሸት በኋላ ተውበት አድርጋለች። ከጣቱ ደም ተወሰደ። ክፉው የወባ ዓይነት ነበር፤ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን መኮንኑ ነገራቸው። ዙለይሃ መድኃኒቱ ተጀምሮለት ላቡ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይቅርታ» አለ ታረቀኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ይቅርታውን ተወው። ስትድን ለሰዎችህ አፍህን ክፈት።»

ዝናው ቤቷ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የመጣው ልቡ ተነክቶ እንዳይመስላችሁ። ሰሚሃ አዲስ አበባ ገብታ፣ ደንገል ማረፊያ ውስጥ እውነቱን የነገረቻቸው ሴት በዚያው ማታ ከሥራ እንደተባረረች ጽፋ ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ዝናው ላይ ወርዶበታል።

«ስሜን አጠፉት እኮ!» አለ ገና በሩ ላይ ቆሞ።

«እኔ አልጻፍኩም። የኔ ስልክ መደወል ብቻ ነው የምታውቀው።»

«ይመለሱ።»

«እመለሳለሁ። ሦስት ነገር አለኝ። አጎበሮቹ አይወርዱም። ኩሬው በአፈር ይሞላል። የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ።»

«ሁለቱን እሺ። ሦስተኛውን ግን፣ ሲጠይቁ ብቻ ቢሆን? ሳይጠይቁ ማስፈራራት ምን ይጠቅማል?»

«ሰዓድን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልጠየቀም። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱንም ይዘህ ሂድ።»

ሄደ። ዙለይሃም አልጠራችውም። ኑርሀያት «ምናለ ብትለሳለሺ» ስትላት «ተለሳልሼማ ምኑን አተረፍኩ?» አለቻት። በአምስተኛው ቀን ዝናው ቁልፎቹን ከነዘለበታቸው ይዞ መጣ። «እሺ» አለና በእጇ አስያዛት። እሷም አላመሰገነችውም። ኩሬው በአፈር ሲሞላ ዝናው ጽጌረዳ ሊተክልበት አሰበ፤ ዙለይሃ ቀድማው ቃሪያ ተከለችበት። የሲሚንቶዋ ወፍ አሁንም ከቃሪያው መሐል ቆማለች።

ሁሉም እንግዳ ነገሩን በጸጋ አይቀበልም። አንዳንዱ ዙለይሃ ተናግራ ሳትጨርስ ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል። አንድ አርብ አራት ሰዎች ባንድ ጊዜ ሄዱ፤ ዝናው ከመቀበያው ውስጥ ሆኖ አፈጠጠባት። ዓይኗን አልሰበረችም። «በሰላም ይደሩ» አለችና አንሶላዋን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ከሳምሪ ጋር ወደ አውራ ጎዳናው ወጥታ የጠሃ ጎሚስታ ደጃፍ ቆማ ነበር። የዝናብ ውሃ የቋጠሩ አሮጌ ጎማዎች እስከ አጥሩ ተደርድረዋል። ጠሃ እጁን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ሴትዮ፣ የሆቴሉን ጨርሰሽ ወደኔ ዞርሽ? ጎማው የኔ፣ ደጁ የኔ፤ ምን አገባሽ?»

«የሆቴሉንም አልጨረስኩም» አለች ዙለይሃ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና የመጀመሪያውን ጎማ ገለበጠችው።